«ያኔ ስለጠጣሁ ይሆን?»

 

አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልን። ተማሪ ሳለች ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቿ ጋር ትጠጣ ነበር። ከተመረቀች በኋላ ተውበት አደረገች፤ አገባች። አራት ዓመት ሆናት፤ ልጅ የለም። አማቷ ያለፈ ታሪኳን ከሰው ሰምተዋል፤ በየምክንያቱ ያነሱባታል። «አላህ እየቀጣኝ ይሆን?» ትላለች።

ሕክምናው የሚለውን እናስቀድም፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንፈርዳለንና። አልኮል፣ በተለይ ሲበዛ፣ የሴትን ሆርሞን ያዛባል፤ እንቁላል በጊዜው እንዳይለቀቅም ሊያደርግ ይችላል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዴንማርክ ውስጥ ለማርገዝ በሚሞክሩ ከ6,000 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። በሳምንት 14 እና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚወስዱት የማርገዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት 18 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ታየ። ያን ያህል የሚጠጡት ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ከዚያ በታች በሚጠጡት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

«ይቺን የመጨረሻዋን ባትጽፏት ምን ነበር?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ኸምር ግን ሐራም የሆነው በዴንማርክ ቁጥር አይደለም። ቁርኣን ራሱ ለሰዎች ጥቅም እንዳለበት ሳይደብቅ፣ ወንጀሉ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነግሮናል። እኛ ጉዳቱን ማጋነን ለምን አስፈለገን? ደግሞ ካረገዙ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው። አልኮል በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል፤ አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል፤ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠንም አይታወቅም።

እህታችን ግን መጠጥ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ጥናቱ የሚያወራው እየጠጡ ለማርገዝ ስለሚሞክሩ ሴቶች ነው። «ባለቤትሽስ ተመርምሯል?» አልናት። አልተመረመረም። በአራት ዓመት ውስጥ ማንም አልጠየቀውም! የወንድም ዘር በመጠጥ፣ በሲጋራ፣ በበሽታ ይጎዳል። የማህፀን ቱቦ መዘጋትም አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ነው።

እሺ፣ መጠጡ በእርግጥ ሰበብ ሆኖ ቢሆንስ? ሰበብ መሆንና ቅጣት መሆን አንድ አይደሉም። ሐኪም ሰበቡን ሊያገኝ ይችላል። ቅጣት ነው ለማለት ግን የአላህን ውሳኔ ማወቅ ይጠይቃል፤ ያንን ማን ነገረን? በሱረቱ አሽ-ሹራ አላህ ለሻው ሴት፣ ለሻው ወንድ፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውንም መካን እንደሚያደርግ ተነግሯል። አንቀጹ የሚዘጋው ዐዋቂና ቻይ መሆኑን በማውሳት ነው፤ ስለ ወንጀል አንድም ቃል የለበትም። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ፀጉራቸው ሸብቶ፣ አጥንታቸው ደክሞ ነው ልጅ የለመኑት፤ ባለቤታቸውም መካን ነበሩ። እሳቸውንና ባለቤታቸውን ማን ይጠረጥራል?

ከሶሃቦችም ክልከላው ከመውረዱ በፊት የጠጡ ነበሩ። ኸምር በመዲና መንገዶች ላይ በፈሰሰ ጊዜ፣ ጠጥተው ስለሞቱት ወንድሞቻቸው ተጨነቁ፤ ላመኑትና መልካም ለሠሩት ባለፈው ኃጢአት እንደሌለባቸው የሚናገር አንቀጽ ወረደላቸው። የእኛ አማቶች (እኛም ጭምር) አላህ ዘንድ ሊሰረዝ የሚችለውን መዝገብ ይዘን እንዞራለን። ተውበት ያደረገን ሰው በቀድሞ ወንጀሉ ማነወር እኮ ራሱ ወንጀል ነው።

ባለቤቷ በመጪው ሳምንት ሊመረመር ተስማምቷል። ዛሬ ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ዱዓ ስታደርጉ፣ ስሟን ባታውቁም አስቧት።