ስለ ሕፃን ጋሪና ስለ ሰው መንገድ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር ሲሰሙት ትንሽ ነው። ስለ ነፍስና ስለ ሥጋ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ግን ያንን ለእነሱ ትቼ ስለ አንዲት ባለ አራት ጎማ የሕፃን ጋሪ እነግራችኋለሁ። በዚህች ጋሪ ምክንያት የገዛ ጠባዬን አየሁት፤ ያየሁትም ደስ አላሰኘኝም።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀና ማርያም በሚባለው ሰፈር ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወደየቤታችን የሚያስገባው ግን ከፊሉ ኮብልስቶን፣ ከፊሉም ጥርጊያ ስለ ሆነ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። በታክሲ መያዣው አጠገብ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ልባሽ ጨርቁም መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ሰው በዚያ የሚያልፈው ትከሻውን እያጠበበ፣ «እባካችሁ አሳልፉኝ» እያለ ነው። እናቶችም ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ዘንቢላቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በዚያው ጠባብ መንገድ ሾልከው ያልፋሉ፤ ልጅ የያዘና ያልያዘ ሰው የሚወስደው ስፍራ እምብዛም አይለያይም።

አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ሦስት ዓመት ለሆናት ለወንድሟ ልጅ ይህችን ጋሪ በሰው እጅ ላከችላት። ሲስቧት የምትዘረጋ፣ ሲጫኗት እንደ ጃንጥላ የምትታጠፍ፣ ከፀሐይ የሚከልል ክዳን ያላት ያማረች ዕቃ ነበረች። ባለቤቴ አየት አድርጋት፣ «ምነው፣ ጀርባ የሌለን መሰላት?» አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ለልጅቱ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት እንዲያይልኝም ጭምር ነበር።

ስለዚህ ዕቃ አመጣጥ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ለነገሬ ይጠቅመኛልና። የእኛ እናቶች ለልጅ መሸከሚያ ከለፋ ቆዳ የተሠራ አንቀልባ አላቸው፤ ያላት በዛጎልና በጨሌ ታስጌጠዋለች፣ የሌላት በነጠላዋ ታዝላለች። ጋሪ ግን የመጣው ከሌላ ቤት ነው። በ1733 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ የአትክልት ስፍራ ነዳፊ ለዴቮንሺር መስፍን ልጆች የዛጎል ቅርጽ ያለው ትንሽ ሠረገላ ሠራላቸው፤ የሚጎትተውም ፍየል ወይም ድንክ ፈረስ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ልብ በሉ፤ ይህ ሠረገላ የተሠራው ለመኳንንት ግቢ ነው። በዚያ ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ጎማው የሚረግጠው የሰው እግር አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ኦወን ማክላረን የተባለ መሐንዲስ ቀላል፣ ከአሉሚኒየም የተሠራና እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ጋሪ አወጣ። ይህ ሰው ቀድሞ በስፒትፋየር የጦር አውሮፕላን የሚታጠፍ እግር ላይ የሠራ ነበር፤ ለአውሮፕላን ያወቀውን ጥበብ በሽምግልናው ለሕፃናት አዋለው። የእኔይቱም ጋሪ የዚያች ዘር ናት።

የሚገርመው ግን፣ እኛ ጋሪውን ከእነሱ ስንቀበል እነሱ ደግሞ ማዘልን ከአፍሪቃ መማራቸው ነው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ ወደ ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ ሲያዝሉ አየች፤ አገሯ ገብታ ልጅ ስትወልድም ማዘያ አሰፋች፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘችበት። ይህን ለባለቤቴ ባነብላት፣ «እንግዲያ የእናቴን ድርሻ ማን ይከፍላታል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በከተማችን ልጅ ይዞ የሚወጣበት ስፍራ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በርክቷል፤ በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከተለ፤ ከነዚህም በቀር ልጆች የሚሽከረከሩባቸውና የሚወዛወዙባቸው የግል መጫወቻዎች አሉ። ከእነዚህ ወደ አንዱ በፋሲካ ማግስት ልጅቱን፣ ባለቤቴንና ጋሪዋን ይዤ ሄድሁ። ገና ከታክሲው ላይ ክርክር ተነሣ፤ ረዳቱ «ጋሪው የአንድ ሰው ይከፍላል» አለኝ። ተቆጥቼ ከፈልሁት። አሁን ሳስበው ልጁ እውነቱን ነበር፤ ጋሪው የአንድ ሰው ቦታ ይዟል።

በስፍራው የነበረው ሕዝብ እንደ ጤፍ የፈሰሰ ነው። ጋሪዬን እየገፋሁ ስገባ ሰው ከፊቴ ወዲያና ወዲህ ሲከፈል አየሁ። «ሕዝባችን እንዴት ጨዋ ነው! ሽማግሌና ሕፃን ሲያይ መንገድ ይለቃል» ብዬ በልቤ ተመጻደቅሁ። ልብ ብዬ ባይ ግን ሰው የሚከፈለው ለእኔ ክብር አይደለም፤ ለቁርጭምጭሚቱ ፈርቶ ነው። በዚህ መካከል አንዲት ሴት ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በጋሪ ስትገፋ አየሁ። «ይህን የሚያህል ልጅ በጋሪ! እግር የለውም?» አልሁ። ለባለቤቴ የተናገርሁት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሰማችው። ዘወር ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር አለፈች። እኔ በዚያች ሰዓት የምገፋት ልጅ ከእኔ ይልቅ የምትሮጥ እንደ ነበረች ልብ በሉ።

ወዲያው ደግሞ የእንጨት ፈረስ ወደሚሽከረከርበት ስፍራ ለመድረስ ስቸኩል ጎማዬ የአንዲት አሮጊት እግር ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ጮኹ። እኔም ይቅርታ እንደመጠየቅ ፈንታ፣ «ሕፃን ይዤ እኮ ነው፤ ምን ላድርግ?» አልኋቸው። አሮጊቷ እግራቸውን እያሹ፣ «ሕፃኗንማ መቼ ያዝሃት? የያዝኸው ጋሪ ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል አፌን አዘጋው። ጎንበስ ብዬ ልጅቱን አየኋት፤ ከመጣን አንድ ሰዓት አልፎናል፣ እኔም ሁሉን እያሳየኋት ይመስለኝ ነበር። «ምን አየሽ?» ብላት፣ «ሱሪ» አለችኝ። በእርሷ ቁመት ያለው የሰው ጉልበትና የፌስታል ከረጢት ብቻ ነው። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አውርዳ ልጅቱን አዘለቻት። ያን ጊዜ ልጅቱ ከሰው ትከሻ በላይ ሆና ፈረሶቹን አይታ መጮኽ ጀመረች፤ እኔም ባዶ ጋሪ እየገፋሁ ከኋላቸው ተከተልሁ።

ማታ እንቅልፍ ስለ እምቢ አለኝ ነገሩን አሰላሰልሁት። ሸክም ከጀርባ ወደ ጎማ ሲወርድ የጠፋ ይመስላል፤ የጠፋው ግን ከተሸካሚው ነው እንጂ ከዓለም አይደለም። ሰው በሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ መሬት ይሸከመዋል፤ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ጋሪን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ከንቱ ነቃፊ ነው። ሰው በተጨናነቀበት ግን የእኔን ልጅ ክብደት የሚሸከሙት መንገድ የለቀቁልኝ፣ ግድግዳ የተጠጉልኝ፣ እግራቸውን የተረገጡልኝ ሰዎች ናቸው። እኔ ሳልጠይቃቸው ነው ያሸከምኋቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ «ሕፃን ይዤ ነው» ብዬ ደግሞ ሕፃኗን ጋሻ አደረግኋት። ለራሳችን ምቾት ስንሻ በደካማ ስም መጠየቅ በብዙ ነገር ያለብን ልማድ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፣ ግን ከጋሪዬ እንዳልርቅ ልተወው።

እንግዲህ መፍትሔው ሕግ ማውጣት ነው የሚል አይጠፋም። በእውነትም ሕግ ያወጡ አሉ። በአሜሪካ የዲዝኒ መጫወቻዎች በፍሎሪዳም በካሊፎርኒያም ከግንቦት 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ79 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከ132 ሳንቲ ሜትርም የሚረዝም የሕፃን ጋሪ እንዳይገባ ከልክለዋል፤ ምክንያቱም መተላለፊያው ስለ ተጣበበ ነው። ይህ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚለካው የጋሪውን ስፋት ነው፤ የገፊውን ችግር በምን ሜትር ይለካዋል? መንታ የወለደችውን፣ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ወገቧ ያልጸናላትን፣ ብቻዋን ሁለትና ሦስት ልጅ የምታሳድገውን ከእኔ ከሰነፉ አያት እንዴት አድርጎ ይለያታል? የሁላችንም ጋሪ ስፋቱ አንድ ነው።

ይህን ነገር ያስተማረችኝ በሰፈራችን ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ አላት፤ ከተወለደ ጀምሮ እግሮቹ አልጸኑለትም። ሐኪም ዘንድም ቤተ ክርስቲያንም የምትወስደው አዝላ ነው። ልጁ በየዓመቱ ያድጋል፤ ጀርባዋ ግን አላደገም። አንድ ቀን ከታክሲ መያዣው ወደ ቤቷ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ስታርፍ አየሁ። የእኔ ጋሪ ከፋሲካ ጀምሮ ከበር ኋላ ታጥፋ ቆማለች። በጎኗ እስከ 22 ኪሎ እንደምትችል ተጽፎባታል፤ ልጁም ከሲታ ነው።

ያንለት ሰጠኋት ብዬ ብጽፍላችሁ ትወዱኝ ነበር። አልሰጠሁም። ሁለት ወር አቆየኋት። የልጄ ስጦታ ናት እል ነበር፤ ምናልባት ሌላ የልጅ ልጅ ይወለዳል እል ነበር። ሰው የማይሠራበትን ዕቃ አጥብቆ ለመያዝ የሚያገኘው ምክንያት ብዛቱ ያስደንቃል። በመጨረሻ ልጄ ስልክ ስትደውል አፍሬ ነገርኋት፤ «አባዬ፣ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

ጋሪዋን ይዤ ብሄድ ጎረቤቴ ወዲያው አልተቀበለችኝም። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ሰው ምን ይለኛል? ትልቅ ልጅ በሕፃን ጋሪ ትገፋለች አይሉኝም?» አለች። ያን ጊዜ በፋሲካ ማግስት ዘወር ብላ ያየችኝ ሴት ትዝ አለችኝ፤ የእርሷ ልጅ ምን ነበረበት? ጤነኛ ይሆናል፣ አይሆንም ይሆናል፤ እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሳላውቅ ግን ፈረድሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ታየኝ። መያዣውን የጨበጠው ሰው፣ «ይህ ጎማ ለችግሬ ነው ወይስ ለምቾቴ? ይህስ ስፍራ ይችለዋልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለምና። ለምቾቱ ከሆነ በሰው መካከል ሲደርስ አጥፎ ልጁን ይያዝ። መንገድ የሚለቀው ሰው ግን ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይገባውም፤ መልቀቅ ብቻ ነው ያለበት። እኛ ግን ይህን እናገላብጠዋለን፤ ገፊው ሳይጠይቅ ይገፋል፣ አላፊው ሳያውቅ ይፈርዳል። እኔ በአንድ ቀን ሁለቱንም አድርጌአለሁ። «ታዲያ አታላዩ ሳይጠየቅ ያልፍ የለምን?» ብትሉኝ፣ አዎን፣ ያልፋል። አንድ አታላይ አንዲት እርምጃ ስፍራ ቢወስድብኝ ይሻለኛል፤ እውነተኛ ችግረኛ በየመንገዱ ችግሯን እየገለጠች እንድታሳየኝ ከምትገደድ።

በተከታዩ ዓመት በከተራ ዕለት ታቦት ለመሸኘት ወጣን። ጎረቤቴም ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ኮብልስቶኑን አዝላ አልፋ፣ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ጋሪው ላይ አስቀመጠችው። ሕዝቡ እየጠነከረ ሲመጣ ጥግ ይዛ ትሄድ ጀመር፤ ሰው ሲቀርባት ትቆማለች፣ ሲያልፍ ትገፋለች፤ ጎማዋ ማንንም አልነካም። ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች እየሮጡ መጡና አንደኛው ላብ በላብ ሆኖ፣ «እሜቴ፣ ይህ ትልቅ ልጅ ነው፤ እግር የለውም እንዴ? ወርዶ ይሂድ!» አላት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሥራው አስቸኩሎታል። የገዛ ቃሌን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ፊቴ ጋለ። ቀርቤ የልጁን ነገር ልነግረው አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

«ተወው ጋሼ» አለችኝ፤ «ለስንቱ ነግሬ እዘልቃለሁ?»

ጋሪውንም ወደ አጥሩ አስጠጋችና ልጁን አንሥታ አዘለችው፤ ከበሮው ቀርቦ ነበር፣ ከታች ሆኖ አይታየውም። እኔም ጋሪውን አጥፌ በብብቴ ያዝሁላት።