የብዙዎች ድምፅና የጥቂቶች ትዳር

አንድ ነገር ትክክል የሚሆነው ብዙ ሰው ስለ ደገፈው ነውን? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። በዘመናችን በብዙ አገሮች ሕዝቡ ወደ ድምፅ መስጫ እየተጠራ፥ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሕግ ይጋቡ ዘንድ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ተብሎ ተጠይቋል። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን እንዲህ ያለ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። ነገር ግን ጉዳዩ ሩቅ ነው ብለን ልናልፈው አይገባንም፤ በባዕድ አገር ከጥቂቶቹ ወገን ሆኖ የኖረ ሰው፥ የብዙዎች ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ሊያስብበት ይገባዋልና።

አስቀድመን የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2015 የአየርላንድ ሕዝብ ከመቶ 62 በሚሆን ድምፅ ይህን ጋብቻ ፈቀደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የስሎቬንያ ሕዝብ ከመቶ 63 በሚሆን ድምፅ ከለከለ። በአሜሪካ በካሊፎርንያ በ2008 ከመቶ 52 የሚሆነው መራጭ ክልከላውን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ፤ በ2024 ደግሞ የዚያው ግዛት መራጮች ያንኑ ቃል ሰረዙት። እንግዲህ ቁጥር እውነትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ፥ እውነት በአየርላንድ አንድ፥ በስሎቬንያ ሌላ በሆነች፤ በካሊፎርንያም በ16 ዓመት ውስጥ በተገለበጠች ነበር። ድምፅ የሚነግረን ሕዝቡ በዚያ ቀን የፈለገውን ነው፤ መፈለግ ይገባው የነበረውን ግን አይነግረንም።

ሕዝበ ውሳኔ የሚባለውን ነገር እኛም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2019 የሲዳማ ሕዝብ የራሱ ክልል ይኖረው ዘንድ ይወድድ እንደ ሆነ ተጠይቆ፥ ከመቶ 98 በሚበልጥ ድምፅ አዎን አለ። በዚያ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ስለ ራሱ ቤት ነበር የወሰነው፤ የውሳኔውንም ፍሬ፥ ጣፋጭም ይሁን መራራ፥ የሚበላው እርሱ ራሱ ነው። ስለ ጋብቻ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግን አብዛኛው መራጭ ስለ ራሱ ትዳር አልተጠየቀም፤ ስለ ጎረቤቱ ቤት እንጂ። በማግሥቱ የእርሱ ኑሮ እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የሌላው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያበረው ድር የያዘው አንበሳ ይሁን በግ አይመረምርም።

በካርቱም በስተ ደቡብ፥ በጀብራ ሰፈር የኖርን ኢትዮጵያውያን ይህን በቃል ሳይሆን በኑሮ ተምረነዋል። ጦርነት በሚያዝያ ወር 2023 ከተማይቱን ሳያፈርሳትና ሕዝቡን ሳይበትን በፊት፥ እንግዶች ነበርንና በአገሩ ጉዳይ ድምፅ አልነበረንም። የሌላው ሕግ ትዳርን እስከ ማፍረስ ሊደርስ እንደሚችልም በዚያው በካርቱም አይተናል። እናትዋ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክሳዊት፥ አባትዋ ሱዳናዊ ሙስሊም የሆነ ማርያም ይሕያ ኢብራሂም በእናትዋ ሃይማኖት አድጋ ክርስቲያን ባል አገባች። በግንቦት ወር 2014 ፍርድ ቤቱ እምነቷን ክሕደት ብሎ ሞት፥ ትዳሯንም ዝሙት ብሎ 100 ጅራፍ ፈረደባት። ልጇንም በእስር ቤት ወለደች። በሰኔ ወር የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ነጻ አወጣት። ሞት ያስፈርድ የነበረው የክሕደት ሕግ የተሻረው ግን በ2020 ነው። ነገሩ ከተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ይሁን እንጂ፥ የዚያን ጊዜ በካርቱም ሕዝብ ዘንድ ድምፅ ተሰጥቶ፥ ብዙዎች ትዳሩ ይፍረስ ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ፍርዱ ጽድቅ በሆነ ነበርን? አይሆንም እንላለን። እንግዲህ የብዙዎች ድምፅ የማያልፈው ወሰን እንዳለ አምነናል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ መልስ የሚሰጡ ወገኖች አሉ። ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ልጆች የሚያድጉበት፥ ውርስ የሚተላለፍበት፥ ማኅበር የሚቆምበት መሠረት ነው፤ ታዲያ ሕዝቡ ካልወሰነ ማን ይወስን? ያልተመረጡ ጥቂት ዳኞችን ከሕዝብ በላይ ማድረግስ ምን ይረባል? ይላሉ። ይህ ቃል ሊናቅ አይገባውም። ማኅበር ጋብቻ ብሎ የሚያከብረው ምን እንደ ሆነ የመናገር ድርሻ አለው። ነገር ግን ክብርን መስጠትና መንፈግ አንድ ነገር ነው፤ ሕይወትን፥ አካልንና ነጻነትን መንጠቅ ግን ሌላ ነው። ለፊተኛው የሕዝብ ምክር ይጠየቅ ይሆናል፤ ለኋለኛው ግን የሺህ ሰው ድምፅ እንኳ አይበቃም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ነገር ተፈትናለች። በ2009 በነሐሴ ወር በሚኒያፖሊስ የተሰበሰበው የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፥ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር በጸና ኅብረት የሚኖሩ ሰዎች በክህነት ያገለግሉ ዘንድ በ559 ድምፅ በ451 ላይ ፈቀደ። በጥቅምት ወር የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ከ249 አባላት በ176 ድምፅ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ለመባረክ ወሰነ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ግን ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ብላ፥ በ2013 ከሁለቱ ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። ከእነርሱ ብዙ ርዳታ ታገኝ ነበር፤ ሆኖም ቁጥርና ገንዘብ ኅሊናን አያዝዙም ብላ ቆመች።

እንግዲህ እናስተውል። በሚኒያፖሊስ የተቈጠረው ድምፅ ለእኛ የእውነት ማስረጃ ካልሆነ፥ በእኛ ሰፈር የሚቈጠረውም ድምፅ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ጥቂት በሆንን ጊዜ ኅሊናን፥ ብዙ በሆንን ጊዜ ቁጥርን የምንጠራ ከሆነ፥ የምንሻው ጽድቅን ሳይሆን ድልን ነው። ቤተ ክርስቲያን የማታምንበትን እንድትባርክ ማንም ሊያስገድዳት አይገባም፤ እርስዋም የማትባርከው ሰው ሁሉ እንዲታሰር ልትመኝ አይገባትም። በሱዳን እስከ 2020 ድረስ ሕጉ በዚህ ነገር ለሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበትን ሰው በሞት ሊቀጣ ይችል ነበር፤ በዚያ ዓመት ሞትና ጅራፍ ተሰርዘው እስራት ቀረ። በኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጽ እስራትን ያዝዛል። ትዕቢትና ስስት ኃጢአት መሆናቸውን እናስተምራለን፤ ነገር ግን ትዕቢተኛውን ሁሉ ወደ ወኅኒ አንሰድድም። ኃጢአት የምንለውን ሁሉ ለዳኛ አሳልፈን እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚለውን እያንዳንዳችን በእግዚአብሔር ፊት እንመርምር።

ጌታችን ለሌላው እንድናደርግ ያዘዘን፥ ሌላው ለእኛ እንዲያደርግ የምንወድደውን ነው። ስለዚህ ስለ ባልንጀራ ቤት ድምፅ ስጡ በተባልን ቀን፥ ካርዱን ከመጣላችን በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ይኸውም፥ ያው ሳጥን በጀብራ ተቀምጦ፥ ጎረቤቶቻችን ስለ እኛ ትዳርና ስለ እኛ ጸሎት ድምፅ ቢሰጡ፥ ምን ያህሉን በእጃቸው እንተውላቸው ነበር? የዚያን ያህል ብቻ እኛም ልንወስድ ይገባናል።