ስንቅ የያዘ እንግዳ

ሰው ገበያ ሳይኖረው፣ ዘመድ ሳይታመምበት፣ ስለትም ሳይኖርበት፣ እንዲያው ለደስታ ብሎ ከቤቱ ወጥቶ በሰው አገር ቢዘዋወር፣ በባላገሩ ላይ ምን መብት አለው? ምንስ ዕዳ አለበት? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን አንድ የጉዞ እቅድ ሳወጣ ገጠመኝና እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ወዳጄ፣ ከወረታ ተነሥተን የፎገራን ሜዳ በእግራችን አቋርጠን ጣና ዳር እንድንደርስ፣ ማታ ማታም ድንኳን ተክለን እንድናድር ሐሳብ አቀረበ። እሱ በዚያ አገር ድንኳኑን በጀርባው አዝሎ ቅዳሜና እሑድን ተራራ ላይ ማሳለፍ ለምዷል። የሚያስፈልገንን ሁሉ በወረቀት አስፍሮ ሰጠኝ፤ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የታሸገ ምግብ፣ የውሃ ማጣሪያ። ከግርጌው ደግሞ «ማንንም ሳናስቸግር» ብሎ ጨመረበት። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ለመዝናናት በገጠር መንገድ መውጣት የሚታሰብ ስላልሆነ፣ ሰላም ሲሰፍን ብለን አቆይተነዋል። እቅዱ ቢቆይም «ማንንም ሳናስቸግር» የምትለው ቃል ታከራክረኛለች።

ለመሆኑ ፎገራ ላይ ማንንም ሳያስቸግሩ መሄድ ይቻላል? ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ይህንን ሜዳ እየቆረጡ ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲከብድ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ሜዳው ላይም ውሃ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሎ በመጠለያ አሰንብቷል። ያው ውሃ ግን ሩዝ ያበቅላል፤ ፎገራ ዛሬ በሩዝ ስሟ የሚነሣውም በዚሁ ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ዋልካው በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እንግዲህ ከተሜ ዓይን «ባዶ ሜዳ» የሚለው መሬት የሰው ቀለብ ነው። እግረኛው በማሳዎቹ መካከል ያለውን ድንበር ተከትሎ መሄድ አለበት። ድንኳን የሚተከልበት ሣርም ቢሆን የከብት ግጦሽ ነው።

በእንግሊዝ አገር ጥያቄው የሕግ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ከማንቸስተርና ከአካባቢው የወጡ ብዙ መቶ ሠራተኞች፣ ባለርስቶች የከለከሉትን ኪንደር ስካውት የሚባለውን ከፍተኛ ቦታ ሆን ብለው ወጡበት፤ አምስቱም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ተራራና ገላጣ ምድር በሰፊው ለእግረኛ የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ዳርትሙር በሚባለው ቦታ ድንኳን ተክሎ ማደር መብት መሆኑንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ትግል የሚከበር ትግል ነው። ጥቂቶች አጥረው የያዙትን ምድር ለብዙዎች አስከፍቷል። ፎገራ ላይ ግን መሬቱን የያዘው ትልቅ ባለርስት ሳይሆን ጥማድ መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። እሱ ፊት «መብቴ ነው» ማለት ምን ትርጉም አለው?

ድንኳንም ቢሆን በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ ሸራ አይደለም። ለሠርግ ይተከላል፤ ለለቅሶ ይተከላል፤ ጦር ሲሰፍር ይተከላል፤ ቤቱን ያጣ ሰውም ይጠለልበታል። በአንድ ገበሬ አጥር ሥር ሰላም ሳይሉ ድንኳን ዘርግቶ የራስን ምግብ ማብሰል፣ ባለቤቱን «ቤትህን አላምነውም» ከማለት በምን ይለያል? መሽቶበት «ቤት ለእንግዳ» ላለ ሰው «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ሕዝብ፣ ደጁን አልፎ ሜዳ ላይ የተኛውን ሰው ቢጠረጥረው ወይም ቢያዝንበት አይፈረድበትም። ማንንም ላለማስቸገር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ማንም እንዲያውቀው አይፈልግም።

ይሁን እንጂ ወዳጄ የሰጠው መልስ አፌን አስይዞኛል። «የእግዜር እንግዳ የሚባለው ማን ነበር?» አለኝ። «ነጋዴው፣ ተሳላሚው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ። ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። አንተ ግን ሆቴል ማደር ስትችል የድሃ እንጀራ ልትበላ ነው። ደግሞስ ውሃ ቀድታ እግርህን የምታጥበው፣ በሌሊት ተነሥታ የምትጋግረው ማን ናት?» እውነቱን ነው። የእንግዳ ተቀባይነታችንን ወግ የምናወድስ ሰዎች፣ ወጉን በጀርባዋ የተሸከመችውን ሴት እንረሳታለን።

ሦስተኛ መንገድ ያለ ይመስላል። እዚያው ፎገራ ውስጥ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ፣ ወንዱም ሴቱም የቤትና የእርሻ ሥራ ይካፈላሉ፤ ከሩቅ የሚመጣን ጎብኚም ማስተናገድ የለመዱ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ከፍሎ ማደር ቀና ነገር ነው፤ ድካሙ ዋጋ ያገኛል። ታዲያ በየቤቱ ገንዘብ ብናወጣስ? በዚህ አልስማማም። ራቱን ላካፈለ ገበሬ ብር ቢዘረጉለት፣ ይሉኝታው ካልከለከለው በስተቀር ሊቀበል ይችላል፤ ግን ያደረገው ነገር ከመስጠት ወደ መሸጥ ተለወጠበት። ይህን ሳይጠይቁ መለወጥ የእንግዳ ሥልጣን አይደለም።

ስለዚህ የወዳጄን ዝርዝር አልቀደድኩትም፤ አሻሻልኩት። ስንቅ እንይዛለን፤ የምንይዘው ግን ለብቻችን በልተን ልንጨርሰው ሳይሆን ከገባንበት ቤት ምጣድ አጠገብ ልናስቀምጠው ነው። ቡናና ስኳርም እንጨምራለን። ውሃውን ራሳችን እንቀዳለን። ድንኳኑም አይቀርም፤ የሚተከለው ግን ባለቤቱን ጠይቀን ባሳየን ቦታ፣ ግቢው ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ቤተሰቡ መደቡን ለኛ ለቆ መሬት ላይ አይተኛም፤ እኛም ከደጁ ሸሽተን አናድርም።

ወዳጄ «ይህማ ማስቸገር ነው» ይለኛል። አዎን፣ ትንሽ ያስቸግራል። ነገር ግን በሰው አገር የሚሄድ ሰው ማንንም ሳይነካ ሊያልፍ አይችልም፤ ድንበሩን ይረግጣል፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ውሻውን ያስጮኻል። ይህን የቆጠረ ሰው ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። የማያውቀው ደግሞ ምንም ዕዳ የለብኝም ብሎ ከነዕዳው ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ከነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ደጅዎ ላይ ማግኘት ይመርጣሉ?