ለአስከሬን ሲባል

ኖቬምበር 24 ቀን 2018 በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ በሙኮኖ ጠረፍ፣ የመዝናኛ ጀልባ ሰምጣ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬን ሲያወጡ ሰነበቱ። ለመሆኑ ሙት ለማውጣት ሕያው ሕይወቱን አሲይዞ ሊወርድ ይገባዋልን?

አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሾው በደቡብ አፍሪካው ቡሽማንስ ሆል፣ 270 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከ10 ዓመት ገደማ በፊት የሞተ ወጣት አስከሬን አገኘ። በጃንዋሪ 2005 ሊያወጣው ሲታገል ከድካሙ የተነሣ በደሙ የተከማቸው የተቃጠለ አየር ገደለው። ከቀናት በኋላ ሁለቱም አስከሬኖች አብረው ወጡ።

ሬሳው ሳይቀበር ልቅሶ አይወጣልንም፤ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ጠላቂው ቢሞት ሁለተኛ ድንኳን ይተከላል። ስለዚህ «ይብቃኝ» ሲል፣ ዳር ቆመን የምናለቅሰው ሰዎች ልንገፋፋው አይገባም እላለሁ።