«የኛ ልጅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጊዜው የ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር ማብቂያ ነበር። ለዘመድ ጥየቃ አርባ ምንጭ ሄጄ ሲቀላ ሰፈር አርፌአለሁ። ዒሻ ከተሰገደ በኋላ የዘመዶቼ ልጆች «ጋሼ፣ ዛሬ የኛ ልጅ ሊሰለፍ ስለሚችል እንሂድ» ብለው ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ወሰዱኝ። በአግዳሚው ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አርሰናል ኢስታንቡል ላይ ከጋላታሳራይ ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታውን ያደርጋል። እንግሊዞቹ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 ስለመሩ ጨዋታው ያኔውኑ አልቆለት ነበር። ያም ሆኖ ከቤቱ የወጣ አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበርና። ከዕረፍት መልስ አንድ ቀጭን የ17 ዓመት ልጅ ተቀይሮ ሲገባ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

በር ላይ ጋቢ ለብሰው የቆሙ ሽማግሌ የቤቱ ጥበቃ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው «ማነው ልጁ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የኛ ልጅ ነው አባባ! ጌዲዮን ዘላለም!»

«የጨንቻ ነው ወይስ የዚሁ?»

«ኧረ አባባ፣ የተወለደው በርሊን ነው፤ ያደገው አሜሪካ፤ አሁን ያለው ደግሞ ለንደን።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ የኛነቱ በምኑ ነው?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ «ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸዋ!» ሲል መለሰላቸው። ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ሽማግሌው ወደኔ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ደግ ነው፤ ልጅ ሲያልፍለት ደስ ይላል። የኔም ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ ሽሮ ሜዳ፣ ሽመና ላይ። ሲሄድ አሥር ዓመቱ ነበር። እንዴት እንደያዙት የሚነግረኝ ሰው የለም።»

የአዲስ አበባ ሰው መሆኔን ስለሰሙ ነው የነገሩኝ። የልጁን ስምና የወሰደውን ሰው ስም በወረቀት ጽፌ ተቀበልኳቸውና «ኢንሻአላህ እጠይቃለሁ» አልኳቸው።

ውድ አንባቢ! ለዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ የእኚህን ሽማግሌ ጥያቄ ነው። «የኛ ልጅ» ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድን ወጣት የኛ የሚያደርገው ምንድን ነው? የኛ ካልነው በኋላስ ምን ዕዳ አለብን?

በቅድሚያ ስለ ጌዲዮን ጥቂት ልበል። ጌዲዮን በጥር 1989 ዓ.ም. በርሊን ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም ገና በ16 ዓመቱ አርሰናል ወሰደው። በጥር 2006 ዓ.ም. በኤፍ ኤ ካፕ ኮቨንትሪ ሲቲን 4 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ተቀይሮ በመግባት ለዋናው ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። አርሰን ዌንገር ቡድኑን ከተረከቡ ወዲህ ተወልዶ ለአርሰናል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ወሬው አዲስ አበባም አርባ ምንጭም ሲደርስ የተፈጠረውን ደስታ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

ነገር ግን ይህ ልጅ የማን ነበር? በትውልድ ቦታው ጀርመን «የኔ» አለችው፤ በታዳጊ ቡድኖቿም አሰለፈችው። በደም ኢትዮጵያውያን «የኛ» አልነው። በአስተዳደግ ደግሞ አሜሪካ «የኔ» አለችው። እኛ ሲቀላ ላይ ስንጮህ ባመሸንበት በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ ከወራት በኋላም ኒው ዚላንድ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተጫወተ። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ «ከዳን» አልን። ለመሆኑ ምን ሰጥተነው ነው የካደን? ጫማ ገዝተንለታል? ሲታመም ጠይቀነዋል? ስሙን ከመጥራት በቀር ለልጁ ያዋጣነው አንዳች ነገር አልነበረም።

ይህ ነገር በደም ብቻ አይወሰንም። እኛ ሙስሊሞችም በሃይማኖት በኩል እንዲሁ እናደርጋለን። ሙሐመድ ሳላህ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሊቨርፑል ሲዛወር «የኛ» አልነው። በባርሴሎና ዋና ቡድን በ15 ዓመቱ የተሰለፈውን ላሚን ያማልን በረመዳን እየጾመ መጫወቱ በተሰማ ጊዜ ልጆቻችን «የኛ ነው» ብለው ተቀባበሉት። ደስ መሰኘቱ ምንም ክፋት የለበትም። ክፋቱ የሚመጣው ደስታው ሒሳብ የተከፈለበት ሲመስለን ነው። እሱ ጾመ፤ እኛ ኮራን። የጾመው እሱ ነው፤ የኮራነው ግን እኛ ነን።

የጌዲዮን ነገር እንዴት እንዳለቀ ስንቶቻችን እናውቃለን? በውሰት ለስኮትላንዱ ሬንጀርስ ተሰጠ፤ ቀጥሎ ወደ ኔዘርላንድስ ተላከ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበትና ለረዥም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍለት ከአርሰናል ተለያይቶ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ እዚያም መጫወቱን ቀጠለ። እሱ ጉልበቱን እያስታመመ በነበረበት ጊዜ «የኛ ልጅ» ባዩ ሕዝብ የት ነበር? ሌላ ልጅ ወደ መከታተል ተዛውሮ ነበር። ይባስ ብሎ በሰው ልጅ እግር ላይ ብር የሚያሲዝ ትውልድ ተነሥቷል። ቁማርተኛው ትኬቱን በተቃራኒው ቡድን ላይ ከቆረጠ ትናንት «የኔ» ያለው ልጅ ተሰብሮ ቢወጣለት አይጠላም። ፍቅር የመሰለን ነገር ፍቅር እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

በቋንቋችን «መከታተል» የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። ወሬ መከታተል አለ፤ ልጅ መከታተልም አለ። ነፍሰ ጡር ሴት «ክትትል አላት» ስንል ሰው ያያታል፣ ይመረምራታል፣ ቀጠሮዋን ያስታውሳታል ማለታችን ነው። አባት የልጁን ትምህርት «ይከታተላል» ስንልም ልጁ ሲደክም አባትየው አብሮ ይደክማል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክትትል ተከታታዩን ያስደስታል፤ የሁለተኛው ግን ተከታታዩን ያስወጣዋል፣ ያደክመዋል፣ አንዳንዴም ያሳፍረዋል። ልጁን የሚጠቅመው ይህኛው ነው። እኛ የመጀመሪያውን እየፈጸምን የሁለተኛውን ስም ወስደናል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልጅ ልመለስ። ከጨንቻና ከአካባቢው ደጋ ብዙ ሕፃናት «ትማራለህ፣ ሙያ ትይዛለህ» እየተባሉ አዲስ አበባ ሽመና ቤት መግባታቸው ከቶ አዲስ ወሬ አይደለም። ሸማኔነት የተከበረ የእጅ ሙያ ነው፤ ከልጆቹ መካከል ሙያውን ይዘው ለወግ ለማዕረግ የበቁ አሉ። ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰቅለው መወርወሪያ ሲወረውሩ የሚያድጉ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡም አሉ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአገር አገር እንዳይዛወር ከልክሏል፤ ባርሴሎናን የሚያህል ክለብ ይህን ተላልፎ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጫዋች እንዳያስፈርም ተቀጥቷል። የኛም አገር ሕግ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ዳሩ ግን የኳሱን ልጅ ሚሊዮን ዓይን ያየዋል። የሸማውን ልጅ በጓሮ ቤት ማን ያየዋል? ለዒድ ለእናታችን ጋቢ የምንገዛ ሰዎች የዚያን ልጅ ሥራ በእጃችን ዳብሰን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ስሙን ሳንጠይቅ እንሄዳለን። በርሊን የተወለደውን ልጅ የማሊያ ቁጥር ግን በቃላችን እናውቃለን።

«ታዲያ ኳስ ማየት ኃጢአት ነው ልትለን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። የደከመ ሰው ማረፊያ ያስፈልገዋል። አንድ የሲቀላ ታዳጊ የራሱን መልክ የመሰለ ልጅ በዚያ ሜዳ ሲያይ «ይቻላል ማለት ነው» ብሎ ቢነሣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ኳስ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስም ጋር የተጠራ ቡድን አፍርታ ስንቱን ተጫዋች ለአገር ሰጥታለች። የኔ ክርክር ከኳሱ ጋር ሳይሆን «የኛ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ይህ ቃል አደራ ነው። አደራ ደግሞ በጩኸት አይወጣም።

እዚያው አርባ ምንጭ ላይ ቃሉን በትክክል የተረጎሙ ሰዎች አሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢው ላይ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ከተጎዱት መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሐዘኑ አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች በከተማዋ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ለመበቀል ተነሡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። እስኪ ልብ በሉ! ሽማግሌዎቹ የተቆጣውን ወጣት «የኛ» አሉት፤ በደም የማይዛመዳቸውን ጎረቤትም «የኛ» አሉት። ለሁለቱም ዋጋውን በጉልበታቸው ከፈሉ። ለሽማግሌው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ሰው የኛ የሚሆነው ለሱ ስንል ዝቅ ባልንለት መጠን ነው።

እኔስ? እውነቱን ልናገር። ያቺን ወረቀት አዲስ አበባ ይዣት ገባሁ። «ሳምንት እሄዳለሁ» እያልኩ ወራት አለፉ፤ በመጨረሻም ወረቀቷ ከየት እንደገባች ጠፋችብኝ። ከቤቴ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሩቅ አይደለም። በነዚያው ዓመታት ጌዲዮን የት ክለብ እንደሄደ፣ መቼ እንደተጎዳ፣ መቼ እንደተመለሰ አንድም ወሬ አላመለጠኝም። በ2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ስመለስ ዲኤስቲቪ ቤቱ ነበረ፤ ሽማግሌው ግን አልነበሩም። የት እንደሄዱ የሚያውቅም አላገኘሁም። ስማቸውን እንኳ ጠይቄ እንዳልነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። የምንወደውን ተጫዋች እንውደድ፤ ግን ለእያንዳንዱ የሩቅ ልጅ አንድ የቅርብ ልጅ እንያዝ። የጎረቤት ተላላኪ ሊሆን ይችላል፤ የሸማኔ ረዳት ወይም ጫማ ጠራጊ ሊሆን ይችላል። ስሙን እንጠይቀው፤ ትምህርት መግባት አለመግባቱን እንጠይቀው፤ ከወላጆቹ ጋር በስልክ እናገናኘው። ጋቢ ስንገዛም ዋጋውን ከመከራከራችን በፊት «ማን ሠራው? ዕድሜው ስንት ነው?» እንበል። ወረቀት ከተቀበልንም በዚያው ሳምንት እንሂድ።