የኔታ ሲያርሙና ጎረቤት ሲነቅፍ

«ክርስቲያን ሲነቅፉት ዝም ይላል» ይባላል። እንዲህ በደፈናው ሲሆን አልስማማም።

ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ሌላ ቦታ ዓመታት የተማረ ሰው እዚያ ሄዶ አንዲት ምልክት ቢስት በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ያማል እኮ! ግን የኔታ የሚያርሙት ዜማውን ነው፤ ሰውየውን አይደለም። ያው ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ደግሞ ውሻ ይለቀቅበታል፣ «ሥራ ፈት» ይባላል። ይህን እንደ እርማት ቢቀበለው ኖሮ ትምህርቱን ጥሎ አገሩ በገባ ነበር።

ጌታም ቢሆን ሁልጊዜ ዝም አላለም። ዮሐንስ ምዕራፍ 18 ላይ ሎሌው በጥፊ ሲመታው ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክርብኝ፣ ካልሆነ ስለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀው። መልሶ አልመታም፤ ጥፋቱንም ያልሠራውን አልተቀበለም። ተአምር ለማየት ለጓጓው ለሄሮድስ ግን አንዲት ቃል አልመለሰም።

የሚከብደው የሚጠላን ሰው የተናገረው እውነት ነው። የኔታ ቢሉት አንገት ደፍተን የምንሰማውን ነገር ጎረቤት ሲለው «ምቀኛ ነው» ብለን በሩን እንዘጋለን። ምቀኛም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ጸሎት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰውየውን ይቅር ከማለታችን በፊት፣ ያለው ነገር ልክ እንደሆነ ለመስማት።