ከቅባቱ በፊት ግርግሙን

በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በጎረቤቶቿ በሴንቴኒያልና በአውሮራ ባለው የሐበሻ ቤት እንጀራ ሲሻግት ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቆሻሻ መጣያ፣ ወይ ጓሮ ያሉት ዶሮዎች። ዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነዋሪው በጓሮው እስከ 8 ዶሮና ዳክዬ እንዲያረባ ስለፈቀደች፣ ዶሮ ማርባት የብዙዎቻችን የትርፍ ጊዜ ደስታ ሆኗል። እህል መጣል ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነንና እጃችን ወደ ዶሮዎቹ ያዘነብላል። «ለሰው ያልሆነ ለእንስሳ ይሆናል» የምንለው ነገር ግን ሊታረም ይገባዋል። ሰው ዓይቶ የተጸየፈውን እንስሳ ተርቦ ስለሚበላው ብቻ አይስማማውም።

ነገሩ ከጓሮ ዶሮ ይሰፋል። ከመካከላችን ገንዘብ ልኮ አገር ቤት የወተት ላም የገዛ ብዙ ነው። («ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያሉ የሚቀልዱብንም አሉ።) አንድ ቀን ታዲያ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፤ ላሟ ቆዳዋ ተልጧል፣ ቅባት ግዛ፣ መድኃኒት ላክ። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። ላሟ ጥቁርና ነጭ የሆነች የፈረንጅ ዝርያ ከሆነች፣ ጥቁሩ ላይ ቆዳው ደህና ሆኖ ነጩ ላይ ብቻ ቀልቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከሆነ፣ አፍንጫዋና ጡቷም ከቆሰለ፣ ቅባቱን ለጊዜው ተዉትና የምትበላውን ጠይቁ።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ጉበት ነው። ላም ሣር ስትበላ አረንጓዴው ቀለም በሆዷ ውስጥ ተለውጦ ፊሎኤሪትሪን የሚባል ነገር ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ከሐሞት ጋር አውጥቶ ይጥለዋል። አንዳንድ የሻጋታ መርዝ ጉበቱን ሲያበላሸው ግን ያ ነገር ከደም ጋር እየዞረ ቆዳዋ ሥር ይደርሳል፤ ፀሐይ ሲያርፍበትም ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጥቁሩ ቆዳ ብርሃኑን ስለሚያስቀር ይተርፋል። የኒውዚላንድ በግ አርቢዎች በግጦሽ ሣር ላይ በሚበቅል ሻጋታ ምክንያት ይህን ችግር ከመቶ ዓመት በላይ ያውቁታል፤ የበጎቹ ፊት ያብጣል፣ ይቆስላል። ደጋችን ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ እዚህ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን እንኳን እናውቀዋለን። ስለዚህ የመጀመሪያው እርዳታ ጥላ ነው፤ ላሟን ከፀሐይ ማስገባት፣ የተጠረጠረውንም መኖ ወዲያው ማቆም።

የቆዳ ሕመም ሁሉ ግን ከመኖ አይመጣም። እከክ አለ፣ ጭርት አለ፣ መዥገር አለ፤ የሚለየው የእንስሳት ሐኪም ነው። የእኔ ሙግት ሐኪሙ ሲመጣ ቆዳውን ብቻ አሳይታችሁ እንዳትሸኙት ነው።

ሌላው መርዝ መንገዱ የተለየ ነው። ኤርጎት የሚባለው ሻጋታ በእህል ራስ ላይ ጥቁር፣ ረዘም ያለ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። የደም ሥርን ስለሚያጠብብ ደም ወደ ጫፍ አይደርስም፤ የከብት ጆሮና ጅራት ጫፉ ይሞታል፣ ሰኮናውም ሊወልቅ ይችላል። ይህን አገራችን በሰው ላይ አይታዋለች። በ1970 ዓ.ም. ግድም ወሎ ውስጥ በዋድላ ደላንታ፣ ኤርጎት የያዘው ሲናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ በተበላበት ጊዜ የሰዎች እግርና ጣት ደርቆ ጠቁሯል፤ የሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አርሲ ላይ ተደግሟል። ለሰው እንዲህ ያደረገ እህል «ለከብቱ ይሁን» ሊባል አይችልም።

ከሁሉ የሚታወቀው አፍላቶክሲን ጉበት ላይ ነው የሚሠራው፤ ያለፈውም ወደ ወተት ይሻገራል። ከአሥር ዓመት በፊት በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች አንዳቸውም ከእሱ ነጻ አልነበሩም፤ 29ኙ አሜሪካ ለወተት ካስቀመጠችው ጣሪያ በላይ ነበሩ። ተጠርጣሪው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ከዚህ በኋላ የገበሬውን ስንፍና መውቀስ ይቀናናል፤ ገበሬው ግን የሚገዛው ነጋዴው ጋ ለወራት ተከምሮ የከረመውን ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ በጥቂት በጥቂቱ እንዲገዛ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ከግድግዳ ርቆ እንዲቀመጥ ገንዘብ ጨምሩለት። ለቅባት ከምትልኩት አይበልጥም።

የሻገተውን ማራገፍ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መቀቀል አያድንም፤ ሻጋታው ቢሞት መርዙ ይቀራል። ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ ማሳሳትም ጥሩውን ማበላሸት ነው። በተቃራኒው ሻጋታ ሳይታይ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ አፍላቶክሲን ገና በማሳ ላይ፣ በድርቅና በሙቀት በቆሎ ውስጥ ይገባል። «ኮሎራዶ ደረቅ ናት» ብሎ መተማመን አያዋጣም።

ውሻ ያላችሁም ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስፖርትሚክስ የተባለው የውሻ ምግብ አፍላቶክሲን ተገኝቶበት ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በ2021 ጥር ሞታቸው ከምግቡ ጋር ይያያዛል የተባለ ውሾች ከ110 በላይ ደርሰው ነበር። ድዱ፣ ዓይኑ ወይም የሆዱ ቆዳ ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ እንቢ ካለና ካስታወከ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ምግቡን ከነከረጢቱ አስቀምጡ፤ የምርት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት ላሟን ለሚጠብቅላችሁ ወንድማችሁም ይህንኑ ንገሩት፤ ከተጠረጠረው መኖ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ቆንጥሮ ለሐኪሙ ያቆይ። የሚያስቀምጠው በወረቀት ከረጢት ይሁን። እርጥብ መኖ በፌስታል ታፍኖ ከቆየ አዲስ ሻጋታ ያበቅልበትና ምርመራው የትናንቱን ከዛሬው አይለይም።